«የእነርሱ በሽታ»፤ የኤድስ ስሞች በምሥራቅ አፍሪካ

በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃውን የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ብሎ ጠራው። ስያሜው ወሩን ያስታውሳል እንጂ ማንንም አይከስም፤ ዛሬም በኅዳር 12 ቆሻሻ ሲቃጠል «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል እንጂ የማንም አገር ስም አይነሣም። አውሮፓውያን ያንኑ በሽታ «የስፔን ጉንፋን» አሉት። ጥፋቷ በጦርነቱ ገለልተኛ ስለነበረች ጋዜጦቿ እንደ ተፋላሚዎቹ አገሮች ጋዜጦች ሳይታፈኑ ስለ በሽታው መጻፋቸው ብቻ ነበር። ከዚያ በፊትም ቂጥኝን ኢጣሊያውያን የፈረንሳይ በሽታ፣ ፈረንሳውያን የናፖሊ በሽታ ይሉት እንደነበር ይታወቃል። ሰው የሚያሳፍር ሕመም ሲገጥመው መጀመሪያ የሚፈልገው መድኃኒት ሳይሆን ባለቤት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ኤች አይ ቪና ኤድስ በምሥራቅ አፍሪካና በዙሪያዋ የተሰጧቸውን ስሞች ተከትለን፣ ስሙ «አደጋው የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ እንዴት መልስ ሆኖ እንዳገለገለ፣ መልሱም ማንን እንዳዋረደና ማንን እንዳዘናጋ እንመለከታለን። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ቫይረሱ በደቡብ ምሥራቅ ካሜሩን ከቺምፓንዚ ወደ ሰው ተሻግሮ፣ ከ1920 ገደማ ጀምሮ በዛሬዋ ኪንሻሳ መሰራጨት እንደጀመረ የዘር ቅንጣት ጥናቶች ያመለክታሉ። ሕክምናው ዓለም ግን ያወቀው በ1981 በአሜሪካ ነው። እዚያ መጀመሪያ ከታሰቡት ስያሜዎች አንዱ በሽታውን ከተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ጋር ብቻ የሚያቆራኝ ነበር። ኤድስ የሚለው ስም በመስከረም 1982 ሲጸድቅ ያ ቀረ፤ አስተሳሰቡ ግን አልቀረም። በ1983 የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ሃይቲያውያንን በጅምላ በ«አደጋ ቡድን» ዝርዝር ውስጥ አስገቧቸው። እስከ 1985 ድረስም አልፋቋቸውም። አንድ ሕዝብ በዜግነቱ ብቻ እንደ በሽታ መንሥኤ ሲመዘገብ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የመጨረሻውም እንዳልሆነ ወደፊት እናያለን።

ወደ አካባቢያችን እንመለስ። በደቡብ ኡጋንዳ በራካይ አውራጃ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ካሴንሴሮ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። በ1982 በዚያች መንደር ነጋዴዎችና ዓሣ አጥማጆች እየከሱ፣ በተቅማጥ እየደከሙ መሞት ጀመሩ። ሕዝቡ ያየውን ጠራ፤ «ስሊም»፣ ማለትም ቀጭን፣ አለው። በሉጋንዳም «ሙኬኔንያ»፣ መጥምጦ የሚያመነምን እንደማለት፣ ተባለ። እነዚህ ስሞች ምልክቱን ስለሚገልጹ ንጹሕ ናቸው ሊባል ይችል ነበር። ነገር ግን ስሙን ተከትሎ ወሬ መጣ። ኡጋንዳውያን፣ ዕቃቸው የተዘረፈባቸው የታንዛኒያ ነጋዴዎች መተት አድርገውብን ነው አሉ። ከድንበሩ ማዶ በካጌራ አውራጃ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በ1983 ሲታዩ ደግሞ፣ ታንዛኒያውያኑ በሽታውን «ጁሊያና» ብለው ጠሩት። ጁሊያና በዚያን ጊዜ በድንበር ንግድ ከኡጋንዳ በኩል ይገባ የነበረ፣ ወጣቶች የሚሻሙበት የጨርቅ ስም ነበር። በአንድ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ፣ ከ1978 እስከ 1979 የተካሄደው ጦርነት በላያቸው ያለፈባቸው ሁለት ሕዝቦች፣ አንዱ ሌላውን በአንድ ስም ጠቆመ ማለት ነው። በስተ ምሥራቅ በኩል የሚኖሩት የሉኦ ተወላጆችም አዲሱን መክሳት በቀድሞ ቃላቸው «ቺራ» አሉት። ቺራ የአባቶችን ሥርዓት የጣሰ ሰው ላይ የሚመጣ መመንመን ነው። እዚህ ባለቤቱ ጎረቤት አገር ሳይሆን ሕግ አፍራሹ ዘመድ ሆነ።

ኡጋንዳውያኑ ሐኪሞች ዳቪድ ሰርዋዳ፣ ኔልሰን ሴዋንካምቦና ባልደረቦቻቸው በ1985 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሕመሙን ሲገልጹ፣ ሕዝቡ ያወጣውን ስም ሳይቀይሩ «ስሊም» ብለው አተሙት። ከምርምር ጽሑፎች ርእሶች መካከል ከመንደር አፍ በቀጥታ የተወሰደ ስም የሚገኝበት ጥቂት ነው። በአንጻሩ ኪስዋሂሊ በመንግሥት ደረጃ «ኡኪምዊ» የሚል የራሱን ምኅጻረ ቃል አበጀ፤ የሰውነት መከላከያ እጥረት ማለት ነው። የታንዛኒያ ወጣቶችም የእንግሊዝኛውን ኤድስ ፊደላት እየዘረዘሩ «አቻ ኢኒኡዌ፣ ዶጎዶጎ ሲያቺ» ብለው ቀለዱበት። ትርጉሙ «ይግደለኝ እንጂ ልጃገረዶቹን አልተውም» ነው። የታመመውንም «ሽቦ ረገጠ» ይሉት ነበር። በጤና ትምህርት የደከሙ ሰዎች በዚህ ቀልድ ይናደዱ ነበር፤ ለዚህ ጸሐፊ ግን ከብዙ ፖስተሮች ይልቅ እውነቱን የተናገረ ይመስለዋል። ሽቦ ማንም ይረግጣል፤ ጎረቤት አገር አይጠይቅም።

በአገራችን ታሪኩ በመንገድ ነው የሚነገረው። ቫይረሱ በኢትዮጵያ መኖሩ በ1984 በተወሰደ የደም ናሙና ታወቀ፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ደግሞ በ1986 ተመዘገቡ። በ1988 በዋና ዋና የንግድ መንገዶች ዳር በሚገኙ 23 ከተሞች በሴተኛ አዳሪዎች ላይ የተደረገው ጥናት ከመቶው በአማካይ 17 ገደማ የሚሆኑት ቫይረሱ እንዳለባቸው አሳየ። የጭነት ማመላለሻ ኮርፖሬሽን ሠራተኞችም በዚያው ዘመን ተጠኑ። ከጥናቶቹ ባለሙያዎች መካከል ዶክተር ደብረወርቅ ዘውዴ ይገኙበታል፤ ኋላ የዓለም ባንክን የኤድስ መርሐ ግብር እስከ መምራት የደረሱ ኢትዮጵያዊት ናቸው።

ጥናቶቹ ትክክል ነበሩ፤ ተገቢም ነበሩ። ችግሩ ከቤተ ሙከራው ወጥተው በየሰዉ አፍ ሲገቡ የሆኑት ነው። «ከአሰብ መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች ሴቶች ከመቶ ይህን ያህሉ ተይዘዋል» የሚለው ቁጥር፣ «ኤድስ የሴተኛ አዳሪና የሹፌር በሽታ ነው» ወደሚል ዐረፍተ ነገር ተለወጠ። ሰነዶቹ «አደጋ ላይ ያሉ» ያሏቸው፣ በሕዝቡ ጆሮ «አደጋ የሆኑ» ተብለው ተሰሙ። ውጤቱ ሁለት ነው። በዝርዝሩ ውስጥ የተጻፉት ተዋረዱ። ከዝርዝሩ ውጭ የቀሩት ደግሞ፣ በሕጋዊ ጋብቻ የሚኖሩ፣ ከባላቸው በቀር ሌላ ወንድ የማያውቁ ሚስቶች፣ ራሳቸውን ከአደጋው ውጭ ቆጠሩ። ብዙዎቹ መያዛቸውን ያወቁት ለእርግዝና ክትትል ሲሄዱ፣ አለዚያም ባላቸውን ከቀበሩ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሙያችን ጥቂት እንበል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የጤና በራሪ ወረቀት የተረጎመ ሰው ሁሉ «ተሸካሚ» ከሚለው ቃል ጋር ተጋፍጧል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «የኤች አይ ቪ ተሸካሚ» የተለመደ አነጋገር ነበር። ተሸካሚ በአማርኛ ሸክም ያለበት ሰው ነው፤ ግን ሸክም የሚሸከም ሰው ሸክሙን ወደ አንድ ቦታ የሚያደርስ ሰውም ነው። ቃሉ ሕመምተኛውን አድራሽ አደረገው። በኋላ «ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ ወገኖች» የሚለው ረጅም አገላለጽ ሲተካው፣ አንዳንድ የሥራ ባልደረቦች ስለ ርዝመቱ አጉረመረሙ። ርዝመቱ ዋጋ አለው፤ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሰው ተቀምጧልና። የሆነው ሆኖ «ደም» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ዝምድናም ጠብም ነው፤ ማንም ተርጓሚ ይህን ከቃሉ ሊያጥበው አይችልም።

ደም ሲነሣ ደግሞ በእስራኤል የሆነውን አለማንሣት አይቻልም። ቤተ እስራኤላውያን እንደ ማንኛውም ዜጋ ደም ይለግሱ ነበር፤ በጥር 1996 ግን ማዓሪቭ የተባለው ጋዜጣ፣ የሚሰጡት ደም ለዓመታት በድብቅ ሲጣል እንደኖረ ገለጠ። ምክንያቱ ኤች አይ ቪ ይኖርበታል የሚል ፍርሃት ነበር። ለጋሹ ስለ ራሱ አልተጠየቀም፤ በቂ ምክንያት ሆኖ የተገኘው ትውልዱ ነው። በዚያው ወር መጨረሻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጡ፤ ሰልፉም ወደ ግጭት አመራ። መንግሥት በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይትስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ቁስሉ ግን ቶሎ አልደረቀም፤ በ2013 መጨረሻ የምክር ቤት አባሏ ፕኒና ታማኖ ሻታ በክኔሴት ግቢ ደም ልለግስ ብለው ተከለከሉ። ተመሳሳይ ነገር በአሜሪካም ደርሷል። በ1990 የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሃይቲያውያንና ከሰሐራ በታች ያሉ አፍሪካውያን ሁሉ ደም እንዳይለግሱ መክሮ ነበር። በኒው ዮርክ እጅግ ብዙ ሰው በብሩክሊን ድልድይ ላይ ከተመመ በኋላ መመሪያው ብዙም ሳይቆይ ተሻረ። የዲቪ ዕጣ የደረሳቸው ወገኖቻችንም ቢሆኑ እስከ ጥር 2010 ድረስ ለቪዛ የሚያስፈልገውን የኤች አይ ቪ ምርመራ ማለፍ ነበረባቸው። በበርካታ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ቫይረሱ የተገኘበት የውጭ አገር ሠራተኛ ዛሬም ወደ አገሩ ይባረራል። ለቤት ሠራተኝነት የሄደች እኅት በአሠሪዋ ቤት ተይዛም ቢሆን፣ ይዛው እንደመጣች ተቆጥራ ትመለሳለች።

አሁን ስሙ የተገለበጠባቸውን ታሪኮች እናንሣ። ኡጋንዳ ቀድማለች። በ1986 የጤና ሚኒስትሩ ሩሃካና ሩጉንዳ በጄኔቫ የዓለም ጤና ጉባኤ ላይ አገራቸው ኤድስ እንዳለባት በይፋ ተናገሩ። ብዙ የአፍሪካ መንግሥታት ገና በካዱበት ወቅት ነበር። በዚያው ዓመት በሐራሬ የገለልተኛ አገሮች ጉባኤ ላይ ፊደል ካስትሮ፣ ለሥልጠና ወደ ኩባ ከተላኩት 60 የኡጋንዳ ወታደሮች 18ቱ ቫይረሱ እንደተገኘባቸው ለፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ነገሯቸው። በሽታው የዓሣ አጥማጅ ሳይሆን የመንግሥቱ የራሱ የጦር ሠራዊት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የወጣው መፈክር የሐኪም ሳይሆን የገበሬ ነው፤ ከብትን በመስክ ከመልቀቅ ይልቅ በጓሮ አስሮ መቀለብን የሚገልጸውን የእርሻ ቃል ወስደው ለባለትዳሮች አዋሉት። ገበሬው ሳቀ፤ ሲስቅም ገባው።

ሙዚቀኛው ፊሊ ሉታያ ከስዊድን ተመልሶ በሚያዝያ 1989 ኤድስ እንዳለበት በአደባባይ ሲናገር፣ ገንዘብ ሊሰበስብ ነው ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ከተማሪ ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን እየዞረ አስተማረ፤ በታኅሣሥ ወር በዚያው ዓመት አረፈ። ከእርሱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ ባለቤቷን በዚሁ በሽታ ያጣችው ኖሪን ካሌባና ጓደኞቿ ታሶ የተባለውን ማኅበር በ1987 አቋቁመው ነበር።

በናይሮቢ ደግሞ የተናቁት ራሳቸው መምህር ሆኑ። በፑምዋኒ ሠፈር በማጄንጎ የሚኖሩ በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶችን ተመራማሪዎች ከ1985 ጀምሮ ይከታተሏቸው ነበር። ከእነርሱ መካከል ደጋግመው ለቫይረሱ ተጋልጠው ያልተያዙ ጥቂቶች መገኘታቸው ለክትባት ምርምር ትልቅ ዜና ሆነ። ለታሪክ ግን የሚበልጠው ሌላው ነው። ነርሷ ኤልሳቤጥ ንጉጊ ሴቶቹ ከመካከላቸው መሪ እንዲመርጡ፣ በየሳምንቱ እንዲሰበሰቡ፣ ኮንዶም የማይቀበልን ደንበኛ በአንድ ድምፅ እምቢ እንዲሉ አደራጀቻቸው። አንዷ ብቻዋን እምቢ ካለች ሰውየው ወደ ጎረቤቷ ይሄዳል፤ ሁሉም እምቢ ካሉ ግን የሚሄድበት የለም። በዚህ መንገድ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከመያዝ እንደዳኑ በኋላ ተሰላ። በዝርዝሩ ራስጌ ላይ የተጻፉት ሴቶች፣ ከዝርዝሩ ውጭ ያሉትን የደንበኞቻቸውን ሚስቶች ጠበቁ።

በኢትዮጵያ ይህ መገልበጥ በስሞች በኩል በግልጽ ይነበባል። በ1990ዎቹ ማብቂያ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች የመሠረቷቸው ማኅበራት «መቅድም» እና «ተስፋ ጎህ» ተባሉ። የስልክ ምክር አገልግሎቱ «ወገን»፣ ታማሚዎች በራሳቸው ድምፅ ሕይወታቸውን የሚተርኩበት የሬዲዮ ዝግጅት «ቤተኛ» ተባለ። ጎህ፣ ወገን፣ ቤተኛ፤ ሁሉም የቅርብ ቃላት ናቸው። በሰፊው የተሸጠው ኮንዶም እንኳ «ሕይወት ትረስት» ይባል ነበር። «የመ ሕጎች» የተባሉትንም የማያስታውስ የለም፤ መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም። በአማርኛ አርእስት ሁሉ በመ ስለሚጀምር ሕጎቹን ማግኘት አስቸጋሪ አልነበረም፤ መዋሸትም በመ ይጀምራል ብሎ የቀለደ አስተማሪ እንደነበረ ትዝ ይለኛል።

ይህ ሁሉ ግን መድኃኒት በሌለበት ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአንድ ሰው የዓመት ሕክምና ከ10,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። በ2001 የሕንዱ ሲፕላ ኩባንያ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች በ350 ዶላር እንደሚሸጥ አስታወቀ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2000 ዶክተር ፒተር ሙጄኒ የባለቤትነት መብት ክርክሩን እያወቁ ርካሹን መድኃኒት ወደ ካምፓላ አስገብተው ነበር። በኢትዮጵያ ሕክምናው በ2003 በክፍያ፣ በጥር 2005 ደግሞ በነጻ ተጀመረ። የነጻው መድኃኒት ሲመጣ አልጋ ላይ የነበሩ ሰዎች ተነሥተው ወደ ሥራ ገቡ፤ ከማንኛውም ትምህርት ይበልጥ መገለልን የቀነሰው ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ያኔም ቢሆን ማኅበረሰቡ የራሱ ፈውስ ነበረው። በእንጦጦ ማርያም በሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን ጠበል እየተጠመቁ ይኖሩ ነበር፤ መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል የመሰላቸውም ነበሩ። በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በአደባባይ ተናገሩ። ታንዛኒያ እንዲህ ያለ ቃል ዘግይቶ ነው የሰማችው። በ2011 በሎሊዮንዶ አካባቢ በሳሙንጌ መንደር ጡረታ የወጡ ቄስ በ500 ሺሊንግ አንድ ኩባያ የዕፅ ውኃ ይሰጡ ነበር። ሰልፉ ኪሎ ሜትሮች ሲረዝም፣ ድነናል ብለው መድኃኒታቸውን ያቆሙ ሕሙማን ሕይወታቸውን አጡ።

የማኅበረሰብ ልዩነት በእርግጥም አደጋን የሚለይበት አንድ ቦታ አለ፤ ይህን መሸሸግ ሐቀኝነት አይሆንም። በታኅሣሥ 2006 በኪሱሙና በራካይ የተካሄዱ ሁለት ጥናቶች፣ ግርዛት ወንዱ በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አረጋገጡ። ሉኦዎች በልማድ አይገርዙም፤ በእኛም አገር በጋምቤላ የሚኖሩ አንዳንድ ብሔረሰቦች እንዲሁ። ከክልሎች መካከል ከፍተኛ የስርጭት መጠን የሚታይባት ጋምቤላ የፈቃደኝነት የግርዛት መርሐ ግብር ማዕከል የሆነችው ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ በኬንያ ሥራው የጀመረው የሉኦ ሽማግሌዎችን በማማከር ነው። ቺራ የሚለው ቃል ሕዝቡ በሽታን ከአባቶች ሥርዓት ጋር ማያያዙን አስቀድሞ ስላሳየ፣ ሥርዓቱን ለመለወጥ ያለ አባቶቹ ፈቃድ አይቻልም ነበር።

ዛሬ በኢትዮጵያ የአዋቂዎች የስርጭት መጠን ከ1 በመቶ በታች ነው፤ በከተሞችና በመንገድ ዳር ግን ይበልጣል። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ ወደማይገኝበት መጠን የወረደለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ይህን ወደ አማርኛ ስንመልስ «የማይታይ» የሚለው ቃል እንደገና ያስቸግራል፤ የተደበቀ ተብሎ ሊሰማ ይችላልና። በ2024 ደግሞ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በተካሄደ ጥናት፣ ሌናካፓቪር የተባለውን በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰጥ መከላከያ መርፌ ከወሰዱት 2,134 ወጣት ሴቶች አንዷም አልተያዘችም።

መርፌው በቅድሚያ የሚታሰብላቸው በሰነዶቹ «ቁልፍ የኅብረተሰብ ክፍሎች» የሚባሉት ናቸው። ቃሉ ከ«አደጋ ቡድን» ይሻላል፤ ቁልፍ የሚከፍት ነገር ነውና። ነገር ግን አሜሪካ በጥር 2025 የውጭ እርዳታዋን ስታቆም፣ በኬንያና በኡጋንዳ መጀመሪያ ከተዘጉት መካከል እነዚህ ሴቶች ማንነታቸውን ሳያስረዱ ይገለገሉባቸው የነበሩ ትንንሽ ክሊኒኮች ይገኙበታል። ተገልጋዮቹም ወደ ጠቅላላው ሆስፒታል ሰልፍ እንዲሄዱ ተነገራቸው፤ እዚያም መዝጋቢው በመጀመሪያ የሚጠይቃቸው ሥራቸው ምን እንደሆነ ነው።